አስታማሚው ሲጠየቅ

ሮማን ታላቅ ወንድሟን ያዋረደችው ባለፈው የፋሲካ ማግስት ሰኞ፣ ከምሳ በኋላ፣ በገዛ ሳሎኗ፣ የማደንዘዣ ተማሪዎቿ ፊት ነው። ገብረሚካኤል ቀኑን ብቻ አይደለም፣ የተቀመጠበትን ወንበር፣ በእጁ ይዞት የነበረውን የበግ ጎድን፣ ማን ቀድሞ እንደሳቀ ጭምር ያስታውሳል። ቀድማ የሳቀችው ማህሌት የምትባል ከአንጋጫ የመጣች ተማሪ ነበረች። እሱ በጨዋታ መሀል፣ አረቄ የለመደ ሰው ማደንዘዣ ቶሎ እንደማይዘው፣ መናኸሪያ የሚያውቀው አንድ ሹፌር አዲስ አበባ ኦፕራሲዮን ሲደረግ ከመሀል ነቅቶ ሐኪሞቹን እንደተሳደበ እያወራላቸው ነበር። ጨዋታው ይዞለት ነበር፤ አንዳንዶቹ መብላታቸውን ትተው ያዳምጡታል። ሮማን የዳቦውን ሳህን እያዞረች፣ "ጋሼ፣ አንተ መናኸሪያህን ጠብቅ፤ ይሄን ለተማሩት ተወው" አለችው። በፈገግታ ነው ያለችው፤ የባሰውም ፈገግታው ነው። ቤቱ ሳቀ። እሱም አብሯቸው ሳቀ። እስከ ዛሬ ሲያስበው የሚያንገበግበው ከእሷ ቃል ይልቅ የራሱ ሳቅ ነው።

ከዚያ ወዲህ ወንድምና እህት ቃል አልተለዋወጡም። ሆሳዕና ያን ያህል ሰፊ ከተማ ስላልሆነች መኮራረፍ ዘዴ ይጠይቃል። ስልክ ስትደውል የምታነሳው የእሱ ሚስት ዮዲት ናት። ቅዳሴ ላይ ካህኑ ሰላምታ ተለዋወጡ ሲሉ እሱ ወደ ምሰሶው ዞሮ የማያውቀውን ሽማግሌ ይጨብጣል። እናታቸው ከዶዮገና ስትመጣ እሱ ቤት ትሰነብትና ወደ ሮማን ቤት ትሻገራለች፤ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ቆጮ፣ ቅቤና ወሬ ተሸክማ ትመላለሳለች እንጂ ልጆቿን አንድ ማዕድ ላይ አላየቻቸውም። ለምን ብላ ጠይቃም አታውቅም። የጠየቀች እንደሆነ አንዳቸው መልስ መስጠት ይኖርባቸዋል፤ መልስ ደግሞ ነገሩን እውነት ያደርገዋል ብላ የፈራች ትመስላለች።

ይኸው ዝምታ ዛሬ፣ በኅዳር ወር ብርዳም ጠዋት፣ የሆስፒታሉ የሴቶች ዋርድ ውስጥ እናቱ አልጋ ጠርዝ ላይ አብሮት ተቀምጧል። እናቱ እንቅርቷን ልታስወጣ ነው። እንቅርቱ የልጃገረድነቷ ነው፤ ገብረሚካኤልና ሮማን ሕፃናት ሳሉ እየዳበሱት እንቅልፍ ይወስዳቸው ነበር። ዘንድሮ ግን ወደ ውስጥ ገፋና ጉሮሮዋን አጠበበው። ጋደም ስትል ትንፋሿ ያፏጫል፤ ቁጭ ብላ ማደር ከጀመረች ከረመች። ሐኪሙን ያነጋገረችው ሮማን ናት። አልጋውን ያስያዘችው፣ ደም የሚሰጥ ያዘጋጀችው፣ ቀኑን ያስቆረጠችው እሷ ናት። ትናንት ማታ ደግሞ ለዮዲት ደውላ፣ እናቴ ከራት በኋላ ውሃም ቢሆን በአፏ እንዳይገባ ብላለች። ለዮዲት። አንሶላ የሚቀይረው፣ ሽንት ቤት የሚያደርሰው፣ አልጋ ስር ካርቶን አንጥፎ የሚያድረው እሱ ሆኖ ሳለ ትእዛዙ ለሚስቱ ተነገረ። ዮዲት ሽሮ እያማሰለች ነገረችው፤ እሱም በግማሽ ጆሮው ሰማ።

ሮማንን በዚህ አገር የማያውቅ የለም። ገብረሚካኤል መናኸሪያ ተራ ሲያስከብር ውሎ ሚኒባስ ውስጥ አንገቱን ባስገባ ቁጥር "የቲቸር ሮማን ወንድም" የሚለው አይጠፋም። ሐደሮም፣ ዶዮገናም፣ ዱራሜም ኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥ ሰው የሚያስተኙት ነርሶች የእሷ ተማሪዎች ናቸው። ነርስ ሆና ተመርቃ፣ ማደንዘዣ ተምራ፣ ያለ ማደንዘዣ ባለሙያ ወላዶች እንዴት እንደሚሞቱ ካየች በኋላ ነው ማስተማር የጀመረችው። መጀመሪያ የተሰጣት ክፍል የዕቃ ግምጃ ቤት ነበር፤ በፍራሽና በሰው ቅርጽ በተሠራ አንድ የላስቲክ አሻንጉሊት አስተማረችበት። አዲስ አበባ ከእጥፍ በላይ በሆነ ደመወዝ ጠርቷት ቀርታለች። ሊያገባት ሽማግሌ የላከ አንድ መምህር ነበር፤ ምሳ እየበላ ስልኳ አምስቴ ሲጮህ አይቶ ተመልሶ አልመጣም ይባላል። የሚደውሉት ተማሪዎቿ ናቸው፤ መብራት ጠፋብኝ፣ የደም ግፊቱ ወረደብኝ፣ ምን ላድርግ። እሷም ጉርሻዋን ይዛ፣ ማሽኑን ተወው፣ ደረቱን እየው፣ እጅህን አገጩ ስር አድርግ እያለች በስልክ ሰው ታድናለች። አዲስ ተማሪ ሲመጣላት መብራቱ በርቶ ኦፕራሲዮን አልጋው ላይ በጀርባው ታስተኛውና ጥላው ትወጣለች፤ በሽተኛ የሚያየውን ይይ ብላ። ደግሞ አንድ ነገር ላይ ክርር ያለች ናት። በሽተኛው ቀምሶ እንደሆነ ጠይቁ፣ በሽተኛው ግን ያፍራል፣ ለቤተሰቡ ይዋሻል፤ ስለዚህ አስታማሚውን ለብቻው ዐይኑን እያያችሁ ጠይቁ ትላቸዋለች። ገብረሚካኤል ይህን ሁሉ ያወቀው ሰው ሲያመሰግናት ሰምቶ ነው። በየምስጋናው መሀል፣ አባታቸው ሲሞት ከሰባተኛ ክፍል ወጥቶ መናኸሪያ ጆንያ የተሸከመው፣ ደብተሯንና ጫማዋን የገዛላት ማን እንደሆነ የሚያነሳ አልገጠመውም። እሷም አንስታ አታውቅም። ወይ አንስታ ይሆናል፤ እሱ በሌለበት።

እናቱ ጠዋት በመጀመሪያ ተራ ትገባለች ተብሎ ነበር። ሊነጋጋ ሲል ግን ከሐደሮ ምጥ የጠናባት ሴት በአምቡላንስ መጣችና እሷ ቀደመች። እሷ ስትወጣ መብራት ሄደ፤ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ተጠበቀ። ፀሐይዋ በዋርዱ መስኮት ገብታ ከአልጋ አልጋ ስትሻገር እናቱ ከንፈሯ ደርቆ፣ ዐይኗ ጎድጉዶ፣ ነጠላዋን ጥርቅም አድርጋ እንደያዘች ቀረች። ራሴን አዞረኝ አለችው ቀስ ብላ። ምራቅ እንኳ የለኝም አለችው። ገብረሚካኤል ባዶ ሆዷን አዲስ አበባ ለመድረስ አውቶቡስ ልትሳፈር ስትል መናኸሪያው በር ላይ ተዝለፍልፋ የወደቀች አሮጊት በገዛ እጁ ያነሳ ሰው ነው። እነሱ ቤት ደግሞ ለመንገድ የተነሳ ሰው፣ ለከበደ ነገር የሚሄድ ሰው ሳይቀምስ አይወጣም፤ የሟች ቤት ለቅሶ እንኳ ቀማምሰው ነው የሚሄዱት። እናቱን ባዶ ሆዷን ቢላ ስር ሊያስገባት ነው። ይህን የሚያዝ ትምህርት ምን ዓይነት ትምህርት ነው?

አልጋው ስር ፔርሙስ አለ። ዮዲት፣ እናቱ ከኦፕራሲዮን ስትወጣ ትጠጣው ብላ በወተትና በቅቤ ያፈላችው ቡላ ነው። ቅቤው የዶዮገና ነው፤ በዚህ የቅቤ ዋጋ ለበሽተኛ ካልሆነ ማንም አይደፍረውም። ገብረሚካኤል ዙሪያውን አየ። ጎረቤት አልጋ ላይ ያለችው ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች። ቀዳና ኩባያውን ወደ እናቱ አፍ አስጠጋ።

"ሮማን አይሆንም ብላለች አሉ እኮ" አለች እናቱ።

"ሮማን ስለ ረሃብ ምን ታውቃለች? እሷ እንዳይርባት የተራብኩት እኔ ነኝ። ጠጪ እማ። ይሄ ምግብ አይደለም፣ ጉሮሮ ማርጠቢያ ነው።"

ጠጣች። በሁለት እጇ ይዛ፣ እንደ ሕፃን ዐይኗን ጨፍና ጠጣች። ደግሞ ቀዳላት። ፊቷ ላይ ደም ሲመለስ፣ ትከሻዋ ቀና ሲል አየ፤ አየሽ፣ አለ በልቡ፣ ለማን እንደሚል ሳያውቅ። ከፋሲካ ወዲህ እንደዚያች ደቂቃ ደስ ብሎት አያውቅም። ኩባያውን በጋቢው ጫፍ ጠርጎ ፔርሙሱን ወደ ውስጥ ገፋው።

ኪሩቤል የመጣው ብዙም ሳይቆይ ነው። ጎልማሳ ነው፤ ሐደሮ ጤና ጣቢያ ለዓመታት ነርስ ሆኖ ሠርቶ፣ ሚስትና ሁለት ልጆቹን እዚያ ትቶ ማደንዘዣ ሊማር የመጣ ሰው ነው፤ ሊጨርስ ጥቂት ቀርቶታል። እናቷን ራሷ እንዳታስተኛ ሮማን ለራሷ ደንብ አላት፤ የራስህን ሰው ስታስተኛ እጅህ ይፈራል ትላለች። እሱ ያስተኛል፣ እሷ ከኋላው ትቆማለች፤ ከተማሪዎቿ ሁሉ ለእናቷ የመረጠችው እሱን ነው። ኪሩቤል ጎንበስ ብሎ የእናትየውን እጅ ያዘና በከምባትኛ ጠየቃት፤ እማማ፣ ዛሬ የቀመሱት ነገር አለ? እሷ መጀመሪያ ልጇን አየችው። ልጇ መስኮቱን አየ። ምንም አልቀመስኩም አለች። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። ገብረሚካኤል እናቱ ስትዋሽ ሰምቶ አያውቅም ነበር፤ ሮማን በሰው ፊት እንዳትሰድበው ብላ እንደዋሸች ወዲያው ገባው። ዐይኑን ግን ከመስኮቱ አልመለሰም።

ኪሩቤል ቀና ብሎ እሱን ጠራው፤ ወደ በሩ ፈቀቅ አደረገው። ዐይኑን እያየው ነው የጠየቀው፣ እንደተማረው።

"አባቴ፣ እርስዎስ? ሳያስቡት የሰጧቸው ነገር ካለ ይንገሩኝ። ጉንጭ ሻይም ቢሆን። ነገ እናደርገዋለን፣ ችግር የለውም።"

ቃሉ ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ነገ ይደረጋል፣ ችግር የለውም፤ ከዚህ በላይ ምን ቀሎ ይቀርብለታል? ነገር ግን ከኪሩቤል ትከሻ ኋላ፣ በኮሪደሩ ማዶ፣ ሮማን አረንጓዴ ልብሷን ለብሳ ከሐኪሙ ጋር ቆማ አያት። ራሷ መምጣት ትችል ነበር። አሥር እርምጃ አይሞላም። ወንድሟን ለመጠየቅ ተማሪ ላከች። ያ ሰኞ፣ ያ የዳቦ ሳህን፣ ያ ሳቅ ባንድ ጊዜ ግንባሩ ላይ ወጣ።

"እኔን ለምን ትጠይቀኛለህ?" አለው። "አስተማሪህን ጠይቃት። የተማረችው እሷ ናት፤ እኔ መናኸሪያ የምውል ሰው ነኝ።"

ኪሩቤል ደንገጥ ብሎ ፈገግ አለ። የቤተሰብ ነገር ውስጥ የገባ መስሎት አፈረ። ለትልቅ ሰው ጥያቄ መድገም ከበደውና፣ ይቅርታ አባቴ ብሎ ቃሬዛውን ሊያመጣ ሄደ።

ኦፕራሲዮን ክፍሉ በር ድረስ አብሮ ገፋ። በሩ ጋ ሮማን ጎንበስ ብላ በእናቷ ጆሮ አንድ ነገር ጠየቀቻት፤ እናትየው ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች። ሮማን የእናቷን ሻሽ አስተካከለች፣ ግንባሯ ላይ በአውራ ጣቷ መስቀል አደረገች። ወደ ወንድሟ ግን ዞር አላለችም። ዞር ብትል እነግራት ነበር ሲል ቆይቶ ለራሱ ተናግሯል፤ ራሱንም አላመነም። ምክንያቱም በሩ ከተዘጋ በኋላም ጊዜ ነበረ። ሐኪሙ እጁን እየታጠበ ነበር፤ በመስታወቱ ይታያል። ማንኳኳት ይበቃ ነበር። ተጠጋ፣ እጁን አነሳ፤ በሩ ላይ ያለችው የጽዳት ሠራተኛ አባባ እዚያ ቁጭ ይበሉ፣ እንጠራዎታለን አለችው። ታዛዥ ሰው ሆኖ አያውቅም፤ ያን ጊዜ ታዘዘ።

አግዳሚው ላይ ከጎኑ የተቀመጠው ጠዋት ሚስቱ በኦፕራሲዮን የተገላገለችው የሐደሮ ገበሬ ነው። ወንድ ልጅ ነው አለው፤ ስሙን አዶናይ ሊለው አስቧል። ዝንጅብል ዘንድሮ ዋጋ አጣ፣ የአምቡላንሱ መንገድ ተበላሽቷል፣ ሻይ እዚህ ከሐደሮ በእጥፍ ነው አለው። ከዚያ፣ ውስጥ ያሉት ምንዎ ናቸው ብሎ ጠየቀው። እናቴ ናቸው አለ ገብረሚካኤል። ገበሬው አጽናናው። እዚህ አንዲት ቲቸር የምትባል አለች፣ ሚስቴን ራሷን ደግፋ ስሟን እየጠራች ነው ያስተኛቻት፣ ስትነቃም ስሟን እየጠራች ነው የቀሰቀሰቻት፤ እሷ ካለች አይፍሩ አለው። ገብረሚካኤል እህቴ ናት አላለም። በሌላ ቀን ቢሆን ይላት ነበር፤ ተማሮም ቢሆን ይላት ነበር። አሁን ግን ያቺ ቃል ከሌሎች ቃሎች ጋር የተያያዘች መሰለችው፤ እሷ ከወጣች ሁሉም ተከታትለው የሚወጡ መሰለው። ገበሬው ዳቦ ቆርሶ ሰጠው። በእጁ ይዞት ቀረ።

ከዚያ የጫማ ድምፅ ተሰማ። አንዲት ነርስ እየሮጠች ወጥታ እየሮጠች ተመለሰች። ኦክስጅን ሲሊንደር እየተንከባለለ ገባ። የሮማን ድምፅ በበሩ ስንጥቅ ይሰማ ነበር፤ አይጮኽም፣ ቶሎ ቶሎ ያዛል፤ ራሷን ዝቅ አድርጉ፣ ወደ ጎን፣ ጉሮሮዋን ምጠጥ፣ ምጠጥ፣ ቱቦውን ለእኔ ስጠኝ። እናቷን ማስተኛት የማትፈልገው ሴት እናቷን በእጇ ይዛለች። ገብረሚካኤል ሁለት እጁን ጭኑ መሀል ሸጉጦ ተቀመጠ። ቡላው ሞቃት ነበር፣ ወፍራም ነበር፣ በሁለት እጇ ይዛ ነበር የጠጣችው። ማርያም ሆይ አለ፤ ከዚያ ወዲያ የሚለውን አጣ። ጸሎት እንኳ እውነቱን ከመናገር የሚጀምር ሆነበት።

እንቅርቱ ሳይነካ እናቱ በሌላ በር ወደ ፅኑ ሕሙማን ክፍል ተወሰደች። በመስኮቱ አያት፤ አፏ ውስጥ ቱቦ አለ፣ ደረቷን ማሽኑ ያነሳዋል፣ ይጥለዋል። ሐኪሙ ወጥቶ፣ እንቅልፉ ሊይዛቸው ሲል ሆዳቸው ውስጥ የነበረው ወደ ላይ መጥቶ ሳንባቸው ገብቷል፤ ሳንባው ይድን እንደሆነ ነገና ከነገ ወዲያ እናያለን አለው። ከሐኪሙ ኋላ አንድ ኃላፊ የሚመስል ሰው፣ ማነው በሽተኛዋን ያዘጋጀው፣ አስታማሚው አልተጠየቀም ወይ እያለ በቁጣ አለፈ። ኪሩቤል ከኮሪደሩ መጨረሻ፣ ግድግዳውን ተደግፎ መሬት ላይ ተቀምጧል። ቆቡን ከራሱ አውልቆ በጣቶቹ ያሽከረክረዋል።

ሮማን መጣች። አረንጓዴው ልብሷ ደረቱ ላይ ርሷል። ፊት ለፊቱ ቆመች፤ ከፋሲካ ወዲህ እንደዚያ ቀርባው አታውቅም። አርጅታለች ሲል አሰበ። ተቆጥታ እንድትጮኽበት ፈለገ፤ ብትጮኽበት የሚመልሰው አያጣም ነበር። እሷ ግን አልጮኸችም።

"ከሳንባዋ በቱቦ የመጠጥኩት ቡላ ነው" አለች። "ቡላ አይጠፋኝም፣ አንተ አይደለህ በቡላ ያሳደግከኝ። ማን ሰጣት ብዬ አልጠይቅህም።"

ዐይኑን ወደ ጫማዋ ዝቅ አደረገ።

"ጥፋቱ የእኔ ነው ብያቸዋለሁ። ሃያ ዓመት ሙሉ አስታማሚውን ዐይኑን እያያችሁ ጠይቁ እያልኩ፣ ዛሬ የወንድሜን ዐይን ማየት ከብዶኝ ሰው ላክሁ። ያን ቀን የተናገርኩህን አውቃለሁ ጋሼ። ከአፌ እንደወጣ ነው ያወቅሁት። ይቅርታ ልጠይቅህ በር ድረስ እየመጣሁ ተመልሻለሁ።" ትንፋሿን ሰበሰበች። "ያ ሌላ ነው። አሁን ኪሩቤል አልጠየቀም እየተባለ ነው፤ ነገ ኃላፊዎቹ ይቀመጡበታል። ሊያሰናብቱት ነው። ጠይቄአቸዋለሁ ብሏል፤ ምን ብለው መለሱልህ ሲሉት ግን አይናገርም። እኔ ስለ እሱ ብመሰክር አስተማሪው ስለሆነች ነው ይሉኛል። ጠይቆህ ነበር? አዎ በላቸው ብቻ። ሌላውን ሁሉ እኔ እሸከመዋለሁ።"

ገብረሚካኤል አፉን ከፈተ። አዎ ለማለት አንድ ትንፋሽ ይበቃል። ያቺ አዎ ከወጣች ግን ቀጥሎ፣ እርስዎስ ምን አሉት ይባላል፤ ያለውን ሊናገር ነው፤ ያለውን ደግሞ ለምን እንዳለ ሊጠየቅ ነው፤ ሄዶ ሄዶ አንድ የዳቦ ሳህንና የተማሪዎች ሳቅ ላይ ሊደርስ ነው። እናቱን የጎዳት ለዚያ ነበር ማለት ነው። ይህን በሰው ፊት ከሚናገር ስድቡን መቶ ጊዜ ቢሰማ ይሻለው ነበር። በመስታወቱ ውስጥ ማሽኑ እናቱን ያነሳታል፣ ይጥላታል። ሮማን ትጠብቃለች። እንደዚያ ስትጠብቅ ደብተር ሊገዛላት ገበያ ወርዶ ሲመለስ በር ላይ ቆማ ትጠብቀው የነበረችውን ልጅ ትመስላለች፤ ያን ጊዜ ባዶ እጁን ተመልሶ አያውቅም።

ጋቢውን ትከሻው ላይ መለሰ። አዎ ሳይል ፊቱን አዞረና በኮሪደሩ ሄደ። እህቱ ከኋላው አልጠራችውም፤ ብትጠራው ኖሮ እግሩ ባልታዘዘው ነበር። ወደ መውጫው የሚወስደው መንገድ በኪሩቤል በኩል ነው። ኪሩቤል ሲመጣ አየው፤ ለትልቅ ሰው እንደሚደረገው ከወለሉ ብድግ አለ፤ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ መንገድ ለቀቀለት። ገብረሚካኤልም በተለቀቀለት መንገድ አለፈ።